በድድ ደም የዘገየ ቁርባን

ፍስሐ በዚያ የጥር እሑድ ወገግ ሲል ነቃና እንደ ልማዱ ከማማተቡ በፊት ትራሱን አየ። ልማዱ እንደማያምርበት ያውቃል። ሰባ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ዓይኑን እንደገለጠ ወደ ፈጣሪው እንጂ ወደ ትራስ ልብስ መመልከት አይገባውም። ይሁን እንጂ የዚያን ቀን ፍርዱ የሚነበበው ከዚያ ነጭ ጨርቅ ላይ ነበር። ጉንጩ ካረፈበት ዝቅ ብሎ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጠብጣብ አገኘ። ምላሱን በታችኛው ድዱ ላይ አሳለፈው፤ ብረት ብረት አለው። ትራሱን ገለበጠና ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

ሶስና ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ተነሣህ?»

«ወገቤን ያዘኝ። ቀና ማለት አልቻልሁም።»

«ዛሬም?»

  የመኪናዋ ድምፅ ከግቢው ወጥቶ እስኪርቅ ድረስ ፍስሐ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየ፤ ከዚያም ምንም ባልያዘው ወገቡ ተነሥቶ የትራሱን ልብስ በመታጠቢያ ቤት በቀዝቃዛ ውኃ አጠበ። አርባ ዓመት ሙሉ የራሱን ካልሲ ያላጠበ ሰው ነው።

«ዛሬም» የሚለው ቃል ታሪክ ነበረው። ፍስሐና ሶስና የተጋቡት ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ በስደተኞች ሰፈር ነው። በሰፈሩ ካህን አልነበረም። ሦስት ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው መረቋቸውና «ለጊዜው በዚህ ጽኑ፤ ካህንና ታቦት ያለበት ስትደርሱ በቁርባን ታጸኑታላችሁ» አሏቸው። ወደ አሜሪካ፣ አትላንታ መጡ፤ እርሱ ሃያ ስድስት ዓመት የአየር ማረፊያውን የመኪና ማቆሚያ አውቶቡስ ነዳ፤ እርሷ መጀመሪያ የሆቴል ክፍል አጸዳች፣ ኋላም የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ከፈተች። ልጃቸው ነቢዩ አድጎ፣ አግብቶ፣ ከከተማው ዳር ኬኔሶ ገባ። ማሪዬታ ያለው ቤታቸው የራሳቸው ሆነ። ካህኑም ታቦቱም ከቤታቸው አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ነበሩ። «ለጊዜው» የተባለው ነገር ግን አርባ ዓመት ሞላው። ሰው ለሥራው ቀጠሮ አክባሪ ሆኖ ለነፍሱ ቀጠሮ እንዲህ የሚዘገይበትን ምክንያት ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ናፍቆቱን ቀድማ የተናገረችው ሶስና ነበረች። እሑድ እሑድ በቅዳሴው ፍጻሜ ባልና ሚስቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጎን ለጎን ከቁርባኑ ሲመለሱ ታያለች። አንድ ቀን ቤት ስትገባ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «እኔ ሳልሞት ከአንተ ጋር መቁረብ እፈልጋለሁ» አለችው።  እርሱም ያንኑ ሲመኝ ኖሮ ነበር፤ ቃሉን ያገኘችለት እርሷ ናት።

ንስሐ አባታቸው ቀሲስ ፊልጶስ ቀን ቈረጡላቸው። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ አብረው መቁረብ አለባቸው። የመጀመሪያው ቀጠሮ ያለፈው ዓመት ዳግም ትንሣኤ ነበር፤ የዚያን ዕለት ፍስሐ ሆዴን አለ። ሁለተኛው ይህ የጥር እሑድ ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። ሰውነቱ የሚደማ ሰው ለቁርባን አይቀርብም፤ ይህን ሥርዓት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የፍስሐ ድድ ደግሞ ከሁለት ዓመት ወዲህ በነካው ሁሉ ይደማል፤ አንዳንዴም ሳይነካው።

ታዲያ ይህን ለሚስት መንገር ምን ይከብዳል? ለሌላ ሰው ላይከብድ ይችላል። ፍስሐ ግን በወጣትነቱ በገዳሪፍ ሰፈር ሁሉ በጥርሱ የታወቀ ነበር። የለስላሳ ጠርሙስ በጥርሱ ይከፍታል። ሶስናን ያወቃትም እንዲሁ ነው፤ መክፈቻ አጥታ ጠርሙሱን ይዛ ስትንከራተት አየና ተቀብሏት ክዳኑን በጥርሱ ገነጠለላት። እርሷ ሳቀች። በዚያ ሳቅ አርባ ዓመት ኖሯል። አሁን ያ ጥርስ ረዝሟል፤ ሥሩ ወጥቷል፤ በምላሱ ሲገፋው ይነቃነቃል። «ጥርሴ እየከዳኝ ነው» ብሎ ለእርሷ ከመናገር ወገቡን በሐሰት ማሳመም ቀለለው። ውሸት ሲጀመር ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል ነው።

ይህም አልበቃው፤ የራሱን መድኃኒት ፈለሰፈ። ብሩሽ ሲያስነካው የሚደማ ከሆነ ደሙን የሚቀሰቅሰው ብሩሹ ነው ብሎ ደመደመ። ስለዚህ ከዓርብ ማታ ጀምሮ እስከ እሑድ ቀትር ድረስ ብሩሽ አያነሣም፤ ቅዳሜ ለስላሳ ነገር ብቻ ይበላል፤ አፉን እንደ ቁስለኛ እግር ያሳርፈዋል። በየሳምንቱ ሦስት ቀን ለቁርባን ሲል አፉን ይተወዋል፤ በየሳምንቱም ደሙ ይብሳል። ፍስሐ ይህን ዕጣ ፈንታ አለው እንጂ ስሕተት አላለውም።

ነገሩን ያወጣው ሱልጣን ነው። ሱልጣን በዲቪ የመጣ የደሴ ሰው፣ የአውቶቡስ ዘመን የሥራ ባልደረባው፣ አሁንም በራሱ መኪና ሰው የሚያመላልስ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከፍስሐ ጋር ኬኔሶ ተራራ ሥር የሚራመድ ወዳጁ ነው። ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ ከእግር ጉዞው በኋላ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ሳለ የቆሎ ከረጢት ዘረጋለት።

«ጾም ነኝ።»

«ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሰዓቱን ስቆጥር ከአንተ ይልቅ የምጾመው እኔ እመስላለሁ። ብላ።»

«አልራበኝም።»

«ባለፈው ሳምንት ኦቾሎኒ አልራበህም። ከዚያ በፊት ፖም አልራበህም። አንተ ሰው፣ ጥርስ ነው ወይስ ኩራት?»

ፍስሐ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ጥርስ።»

«በል ከኩራት ጥርስ ይሻላል፤ ጥርስ ሐኪም አለው።» ሱልጣን ከረጢቱን አጠፈና ሞተሩን አስነሣ። «እዚሁ አጠገብ ሮዝዌል የወዳጃችን የኤርሚያስ ልጅ ትሠራለች፤ ጥርስ የምታጸዳዋ፣ ልዕልት። አሁን ነው የምንሄደው። ደውዬ ቦታ አስይዤልሃለሁ።»

«መቼ?»

«ፖሙ ያልራበህ ቀን።»

ልዕልት በሃያዎቹ መጨረሻ ያለች፣ ሮዝዌል ያደገች ልጅ ናት። ወንበሩን ዝቅ አድርጋ ጠበቀችው።

«ሃይ አባባ፣ ና ቁጭ በል። ሪላክስ አድርግ፣ ኦኬ?»

ፍስሐ በሩ ላይ ወደ ቆመው ሱልጣን ዞረ። «‹ና› ነው ያለችኝ?»

«እኔን ‹ሱሌ› ነው የምትለኝ። ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

ልጅቱ ቀጭን መለኪያ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ እያስገባች ረዳቷ እንድትጽፍ በእንግሊዝኛ ቊጥር ትጠራ ጀመር፤ ስሪ፣ ፎር፣ ሲክስ። ቊጥሩ በድድና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ጥልቀት እንደሆነ፣ እስከ ሦስት ደኅና እንደሆነ፣ ከዚያ ሲያልፍ ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ እንደሠራ አስቀድማ ነግራው ነበር። ፍስሐ አፉን ከፍቶ፣ ጣሪያውን እያየ አዳመጠ። በስተግራ ከታች ስትደርስ «ሰቨን» አለችና ደግማ ለካች። ከቊጥሩ ይልቅ ደግማ መለካቷ አስፈራው።

ራጅ አነሣችውና ምስሉን በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ አሳየችው። የጥርሶቹ ሥሮች ቆመዋል፤ ይዟቸው የነበረው አጥንት ግን በበጋ ውኃው እንደሸሸ ሐይቅ ዝቅ ብሏል።

«እድሜዬ ነው?» አላት።

«እድሜ ብቻውን አይደለም፤ ዘጠና ዓመት ሆኗቸው ድዳቸው ናይስ የሆነ ሰዎች አሉ። ግን እድሜ ይገባበታል።» አማርኛውን ለመፈለግ ትንሽ ቆየች። «ያው አንድ ዓይነት ቆሻሻ በእኔ ጥርስ ላይም ባንተ ጥርስ ላይም ብንተወው፣ ያንተ ድድ በርትቶ ነው የሚቆጣው። ሰውነት ጀርም ሲያይ ዘበኞች ይልካል፣ ራይት? በወጣትነት ይመጣሉ፣ ይመታሉ፣ ይሄዳሉ። ሰው ሲያረጅ ግን ዘበኞቹ ዒላማ ይስታሉ። መሄድም ይረሳሉ። እዚያው ተቀምጠው የሚጠብቁትን ቤት ራሳቸው ማፍረስ ይጀምራሉ። ድዱን የሚያስረው ሥጋ ይሳሳል፣ አጥንቱ ይበላል። የሚጠግነው ሴል ደግሞ ቀስ ይላል።»

«እንዲህ ያሉ ዘበኞች አይቻለሁ» አለ ፍስሐ። «ጥለናቸው ነው የመጣነው።»

«አሁን እዚህ አሉ» አለችና በጓንቷ ጣት ጉንጩን ነካችው። «ብራሽ በየቀኑ ታደርጋለህ?»

«ከዓርብ እስከ እሑድ ነው የማላደርገው።»

«ዋይ? ለምን?»

ፍስሐ አፉን ዘጋ። ሱልጣን ቀስ ብሎ ወደ መጠበቂያው ክፍል ወጣ።

«እንዳይደማ ብዬ ነው።»

ልዕልት መለኪያዋን አስቀመጠች።  «ለቁርባን?» አለች፤ እናቷ የምታስቀድስ ልጅ ናትና። ፍስሐ ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ዓመት ለሚስቱም ለንስሐ አባቱም ያልተናገረውን ምሥጢር «ና» ብላ ለምትጠራው ልጅ ተናገረ።

«አባባ፣ የሚያደማህ ብሩሹ አይደለም። የተቆጣው ድድ ነው፤ የሚያስቆጣው ደግሞ የምትተወው ቆሻሻ ነው። በሃያ ዓመትህ ሁለት ቀን ብትተወው ድድህ ይቅር ይልህ ነበር። አሁን ይቅር አይልም።»

«አዲሱ ቀጠሯችን ዳግም ትንሣኤ ነው፤ ዘጠኝ ሳምንት ብቻ ቀርቶታል።»

«የሄደው አጥንት አይመለስም። ድዱ ሊረጋ ይችላል፤ ሰው ሲያረጅ ግን የሚረጋው በራሱ ጊዜ ነው። ፕሮሚስ አላደርግልህም።»

በሁለት ማክሰኞ አፉን በግማሽ በግማሽ እያደነዘዘች ከድዱ ሥር እንደ ድንጋይ የጠነከረውን ቆሻሻ ፈልፍላ አወጣች። ያን ሰሞን ትራሱ ባሰበት። ፍስሐ ሦስት ጊዜ አጠበው።

በሦስተኛው ማክሰኞ ለምርመራ ደርሶ ሲመለስ ሶስና በምግብ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጣ አገኛት። ፊት ለፊቷ ለቁርባናቸው ቀን ያዘጋጀቻቸው ሁለት አዲስ ነጠላዎች ተጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ሮዝዌል ማን አለ?» አለችው።

«ማን ነገረሽ?»

«ነቢዩ። እዚያ አንድ ማርኬት በር ላይ የሱልጣንን መኪና አየ፤ አንተም ከውስጥ ነበርህ። ወገብህን ያመመህ ሰው ነህ፤ ሆድህን ያመመህ ሰው ነህ። ትራስ ታጥባለህ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፤ እውነቱን ንገረኝ። ከገዳሪፍ በፊት ሚስት ነበረችህ? በቁርባን የያዝሃት?»

ፍስሐ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕልሙም አልመጣበትም ነበር።

«በሕይወት ካለች ከእኔ ጋር መቅረብ አትችልም» አለች ሶስና። «እርሱ ነው ብዬ ነው። ስምህን ቀሲስ ሲጠሩ በሽታ የምትፈልገው ለዚህ ነው ብዬ ነው።»

«ሶስና፣ ድዴ ይደማል።»

«ምንህ?»

«ድዴ። እንደነቃሁ ይደማል። ደም እያለብኝ መቅረብ አልቻልሁም። ልነግርሽ ደግሞ አፈርሁ።»

ነጠላዎቹን ወደ ጎን ገፋቻቸው። ቁጣና እፎይታ አብረው ሲመጡ ሰው የትኛውን ቀድሞ እንደሚያስተናግድ አያውቅም።

«አንድ ዓመት» አለች። «አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን ሴት ስሠራት ከረምሁ። ረዥም ናት፤ ጠይም። ድምፅዋ ከእኔ ይሻላል። ስም ሁሉ አውጥቼላታለሁ።»

«ማን አልሻት?»

«አይነገርህም።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ወደ መስኮቱ ና። አፍህን ክፈት።»

«ተዪኝ እስቲ።»

«ክፈት አልሁህ። የኤርሚያስ ልጅ አይታው እኔ ላላየው ነው?»

በከሰዓቱ ብርሃን ሶስና አገጩን ይዛ የባሏን አፍ ተመለከተች። የረዘሙትን ጥርሶች፣ በመካከላቸው የተከፈተውን ጨለማ፣ ጫፉ ገና እንደ ምንጣፍ ጠርዝ የቀላውን ድድ ሁሉ አየች። ፍስሐ ለመጀመሪያ ጊዜ እርጅናውን በሰው ፊት ከፍቶ ቆመ፤ የዚያ ሳቅ ባለቤት እንዳትስቅም እንዳታለቅስም ፈራ።

«በዚህ ነው ጠርሙሱን የከፈትህልኝ» አለች በጣቷ የፊተኛውን ጥርስ ነክታ።

«በዚሁ ነው።»

«ያን ቀን መክፈቻ ነበረኝ፤ በቦርሳዬ ውስጥ።»

አልሳቀችም። ፍስሐ ግን አፉን መክደን ረሳ።

በዚያው ሳምንት አብረው ወደ ቀሲስ ፊልጶስ ሄዱ። ቀሲስ በእድሜ የልጁ እኩያ ቢሆኑም ሲያዳምጡ የሽማግሌ ትዕግሥት አላቸው። ፍስሐ ጨርሶ ሲናገር ጺማቸውን ዳበሱ።

«ደም እያለ አንቀርብም፤ ይህን እርስዎም ያውቁታል። ሕመም ግን ኃጢአት አይደለም፤ ያሳክሙታል፣ እስኪሻል ይጠብቃሉ፤ ቀኑም ይቀየራል። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው፣ አቶ ፍስሐ። ወገቤ ያሉት በሽታ አልነበረም እኮ።»

«አባቴ፣ ዋሽቻለሁ።»

«ለእርሳቸውም ነግረዋቸዋል?»

«ነግሮኛል» አለች ሶስና። «ከነጥርሱ።»

ቀሲስ ፈገግታቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። ጥርሱን በየዕለቱ እንዲያጸዳ፣ ለቁርባን ሲጾም ደግሞ ጾሙ ከመግባቱ በፊት አጽድቶ እንዲያበቃ መከሩት። ቀኑም በዳግም ትንሣኤ ጸና።

ከዚያ በኋላ በየምሽቱ ሶስና ብሩሹ ላይ ሳሙናውን ቀብታ፣ ቀጭኑን የጥርስ ማጽጃ ክር ለክታ ትጠራዋለች፤ ፍስሐም ሄዶ ይቆማል። ክሩን በጥርሶቹ መካከል ስታሳልፍ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ታደርጋለች፤ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እንደምትሰፋ ትጠነቀቃለች። በአራተኛው ሳምንት ከአፉ የሚተፋው ውኃ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ሮዝ ሆነ፤ በአምስተኛው ጠራ። ልዕልት ለክታ «ፎር» አለች፤ «ፎር፣ ስሪ።» በስተግራ ከታች ግን «ፋይቭ» ብላ «እዚህ ያለችው ገና ናት፤ ግትር ናት» አለች።

ፋሲካ አለፈ። የዳግም ትንሣኤ እሑድ ወገግ ሲል ፍስሐ ነቃና በመጀመሪያ አማተበ። ከዚያ ትራሱን አየ። ነጭ ነበር። ሶስና ከወዲያኛው ጎን ቀና ብላ እርሷም አየችው።

በቤተ ክርስቲያኑ የመኪና ማቆሚያ አዲሶቹን ነጠላዎች ተከናንበው ገና ከመኪና ሳይወርዱ ፍስሐ ምራቁን ዋጠና ባለበት ቀረ። ምላሱን በስተግራ ወደ ታች አሳለፈ። ጥቂት ነው። ብረት ብረት ይላል።

ማንም አያውቅም። ቀሲስ አፉን ከፍተው አያዩም። ሶስና ደስ ብሏት ወደ በሩ እያየች ነው፤ የመኪናዋን መዝጊያ ከፍታለች፤ አንድ እግሯ መሬት ነክቷል። ዓመት ሙሉ የዋሸ ሰው አንዲት ጠዋት ቢጨምር ምን አለበት የሚል ድምፅ በውስጡ ተናገረ፤ ድምፁም የራሱ እንደሆነ አወቀ። እርሷን ለማስደሰት ሲል የሚገባው በር እርሷን ይዞ የሚያሳስትበት በር ይሆን ነበር።

«ሶስና።»

ዞር አለች።

«መጥቷል።»

እግሯን ከመሬት አነሣችና መዝጊያውን መልሳ ዘጋችው። ከቦርሳዋ ነጭ መሐረብ አወጣች፤ ከቁርባን በኋላ አፍ መሸፈኛ እንዲሆነው ያጠበችው ነው። «ያዝበት» አለችው። ፍስሐ በድዱ ላይ ተጭኖ ቆየና አነሣው፤ በነጩ ላይ ከምስር ፍሬ የምታንስ ቀይ ነጥብ ቀረች። ሶስና መሐረቡን ወስዳ ነጥቧን ብዙ ጊዜ አየቻት።

«ከትራሱ ላይዋ ታንሳለች» አለች።

«ይቅርታ።»

«ዛሬ ነገርኸኝ።»

ወርደው ለቀሲስ ነገሯቸው፤ ቀሲስም ከአራት ሳምንት በኋላ ያለውን እሑድ ያዙላቸው። ከዚያ፣ ደም ያለበት አይገባምና፣ በአውደ ምሕረቱ ዳርቻ፣ ከበሩ ወዲህ፣ ጎን ለጎን ቆሙ። ቅዳሴው ወደ ፍጻሜው ሲደርስ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው እየተራመዱ አለፏቸው። ሶስና እስኪርቁ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው፤ ፍስሐ ደግሞ እርሷን አየ። የዚያን ያህል ናፍቆት በአንድ ፊት ላይ አይቶ አያውቅም፤ የራሱን ፊት ቢያይ ግን ያንኑ ባገኘ ነበር።

«ብርድ ነው፤ ግቢና መኪናው ውስጥ ቆዪ» አላት።

«አንተ እዚህ ቆመህ?» አለችው፤ መሐረቡን ነጥቧ ወደ ውስጥ እንድትሆን አጣጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰች፤ በነጠላዋ ጫፍ ትከሻውን ከደነችና ወደ በሩ እያየች ከአጠገቡ ቆመች።